ጆተኒ መጫወት ኃጢአት ነው?

ከጥቂት ሳምንታት በፊት የቅዳሜው የወጣቶች ትምህርት አልቆ ወንበር ስንሰበስብ፣ አንድ ልጅ ጠጋ አለኝና ሌሎቹ እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “መምህር፣ ጆተኒ መጫወት ኃጢአት ነው?” ሲል ጠየቀኝ።

ዕድሜው ዐሥራ ስድስት ነው። ከትምህርት ቤት መልስ በአጎቱ ሱቅ ይሠራል፤ ስኳር ይመዝናል፣ ሳሙና ይቆጥራል፣ ዱቤ ይመዘግባል። ቅዳሜ ማታ ሱቁ ሲዘጋ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መንገድ ዳር ወዳለው ጆተኒ ይሄዳል። ሁለት ዙር ተጫውተው ይበተናሉ። ከዚያ ቤቱ ገብቶ ለመጸለይ ሲንበረከክ አፉ አልከፈት ይለዋል። “ያንን ሰዓት ከጌታ የሰረቅሁ ይመስለኛል” አለኝ።

እኔም አስተማሪዎች ሁልጊዜ የምንሰጠውን መልስ ሰጠሁት። “በልክ ከሆነ ችግር የለውም፤ ብቻ ሱስ እንዳይሆንብህ።” አመስግኖኝ ወንበሩን ተሸክሞ ሄደ።

መልሱ ስሕተት አልነበረም። ነገር ግን ወደ ቤቴ ስሄድ ከነከነኝ። ልጁ የጠየቀኝ ስለ ልክ አልነበረም። የፈራው ደስታው ራሱ ቆሻሻ እንዳይሆን ነው። እኔ ደግሞ ፍርሃቱን አጸደቅሁለት፤ ነገሩ ቆሻሻ ቢሆንም ትንሽ ትንሽ ከሆነ እግዚአብሔር አይቶ እንዳላየ ያልፍልሃል እንደ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ትምህርት ምን እንደሚያደርግ ደግሞ በደንብ አውቃለሁ። በዚሁ ትምህርት አንድ ሰው ጎድቻለሁ። ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

የምኖረው ዲላ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወስደው አስፋልት ከተማችንን አቋርጦ ስለሚያልፍ ብዙ መንገደኛ ዲላን የሚያውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው። ቡናው፣ እንሰቱና ትልልቁ ዛፍ አንድ ላይ የሚበቅልበት የጌዴኦ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ደስ ብሎናል። ከትልቅ ከተማ የሚመጣ ዘመድ ግን አሁንም የሚጠይቀን ያንኑ ነው፦ “እዚህ ሰው በምን ይዝናናል?”

መልሱ ሲናገሩት ትንሽ ያሳፍራል። ከጥቅምት ጀምሮ ቀዩ እሸት ቡና በሚለቀምበት ወራት ማንም ጊዜ የለውም፤ ከተማው ሁሉ ይሸከማል፣ ይመዝናል፣ ያጥባል፣ ይጭናል። ወራቱ ሲያልፍ ግን አመሻሽ ላይ ሰው ከቤቱ ይወጣል። መድረሻ የለውም። አስፋልቱን ይዞ ወደ ላይ ይሄድና ወደ ታች ይመለሳል። “ወዴት ነው?” ሲሉት “ዞር ዞር” ይላል። በቆሎ የሚጠበስበት ከሰል ዙሪያ ሦስት አራት ሰው ቆሞ ፍሬው ሲንጣጣ ይሰማል። ጭማቂ ቤት የተቀመጡት ከመወፈሩ የተነሣ በማንኪያ የሚበላ አቮካዶ ይዘው ብርጭቆው እንዳያልቅባቸው ቀስ ይላሉ። ሊስትሮዎች ደንበኛ ሲጠፋ ካርቶን ላይ መስመር አስምረው በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ፤ የአንዱ ቆርኪ በፊቱ፣ የሌላው በጀርባው ይደረደራል። ድንገት ዝናብ ሲወርድ ሁሉም በየቆርቆሮው ጥግ ተጠልሎ እስኪያባራ ድረስ ከማያውቀው ሰው ጋር ይጫወታል። ይኸው ነው። ቲኬት የሚቆረጥለት አንድም ነገር የለውም።

እኛ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ደግሞ ከዚህ ሁሉ ትንሽ ራቅ ብለን እናልፋለን። አንጠላውም። መታወቂያ የሌለው ደስታ ግን አናስገባም። ሽርሽር እንሄድና “ኅብረት” እንለዋለን። ኳስ እንጫወትና “አካልን ለአገልግሎት ማዘጋጀት” እንላለን። ቡና ስንጠጣ “የጸሎት ቡና” ነው። አንድ ዓመት ለወጣቶች ሽርሽር ወጥተን በዕለቱ ሦስት ስብከት ነበረን፤ ሁለተኛው ሲሰበክ ሜዳው ላይ ያመጣናት ኳስ አጠገባችን ተቀምጣ ነበር። ሰባኪው እኔ ነበርሁ፤ ዐይኔም ኳሷ ላይ ነበር። ያን ቀን አንድ ሰው ተነሥቶ “የመጣነው ደስ ስለሚል ነው” ቢል ኖሮ ሁላችንም የምንደነግጥ ይመስለኛል።

አሁን የጎዳሁትን ሰው ልንገራችሁ።

በ1999 ዓ.ም. ሐዋሳ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርሁ። እምነቴን የራሴ ያደረግሁት እዚያ በተማሪዎች ኅብረት ውስጥ ነው፤ ለዚያ ዛሬም አመሰግናለሁ። በዚያ ዓመት ከሰማሁት ትምህርት ሁሉ ልቤን የያዘው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ዘመንን ስለ መዋጀት የጻፈው ነበር። ደብተር ገዝቼ ቀኔን በግማሽ ግማሽ ሰዓት ከፋፈልሁት። ክረምት ሲገባ ያንን ደብተር ይዤ ዲላ መጣሁ።

አባቴ በአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሚዛን ላይ ይሠራ ነበር። በቡና ወራት እኩለ ሌሊት የሚገባ፣ ክረምት ሲሆን ግን ሥራ የሌለው ሰው ነበር። በክረምት በየቀኑ ከዐሥር ሰዓት እስከ ዐሥራ ሁለት ከጎረቤታችን ጋር ዳማ ይጫወታል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ልጆቻቸውም በየአገሩ ናቸው። ሰሌዳውን ደጃቸው ላይ በዱካ ያስቀምጡታል። ሁለቱም ብዙ አያወሩም። አባቴ “በላሁዎት” ሲል ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው እየወለወሉ “ዐይኔ ደክሞ ነው እንጂ አንተማ” ይላሉ። ይህ ነገር በየቀኑ፣ በዚያው ቃል ይደገማል።

አንድ ማታ እራት ላይ ነገርሁት። “አባዬ፣ በቀን ሁለት ሰዓት ማለት እኮ በሐምሌና በነሐሴ ብቻ መቶ ሃያ ሰዓት ነው። ጌታ ስለዚህ ሰዓት ሲጠይቅህ ምን ትለዋለህ?” ሒሳቡን ደብተሬ ላይ ሠርቼ ነው የመጣሁት። እናቴ ወጥ የምታወጣበት እጇ ቆመ። አባቴ ምንም አላለም። እንጀራውን ጨርሶ እጁን ታጠበ።

በማግሥቱ ዐሥር ሰዓት ሲሆን አልወጣም። ሳሎን ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስ ጭኑ ላይ ዘረጋ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው “ታሞ ነው ወይ?” ብለው አንድ ሕፃን ላኩ። አባቴ “ሥራ ይዤ ነው በላቸው” አለ። እኔ በዚያ ምሽት ደብተሬ ላይ “ጌታ ይመስገን” ብዬ ጻፍሁ። ደብተሩ አሁንም አለኝ፤ መጣል አልቻልሁም።

ሽማግሌው በሚቀጥለው ጥር ዐረፉ። ለለቅሶው ከሐዋሳ መጥቼ ድንኳኑ ውስጥ ከአባቴ ጎን ተቀመጥሁ። በዚያኛው ጥግ ሌሊቱን ለመግፋት ካርታ የሚጫወቱ ነበሩ። አባቴ እነርሱን እያየ፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣ “ክረምቱን ሙሉ በዐሥር ሰዓት ሰሌዳውን እያወጡ ደጃቸው ላይ ብቻቸውን ይቀመጡ ነበር አሉኝ” አለ። ሌላ አልጨመረም። እስከ ዛሬም ደግሞ አላነሣውም።

የጳውሎስን ቃል በኋላ በደንብ አጠናሁት። በግሪኩ ዘመን ተብሎ የተተረጎመው ቃል ካይሮስ ነው። በሰዓት የሚቆጠረውን ጊዜ የሚያመለክት ሌላ ቃል ግሪክ አለው፤ ይህኛው ግን ወቅቱን፣ የተሰጠውን አጋጣሚ የሚናገር ነው። እኔ ግማሽ ግማሽ ሰዓት እየቆጠርሁ የዚያን ክረምት አጋጣሚ አላየሁትም።

እዚህ ላይ ልታጽናኑኝ ትችሉ ይሆናል። “አባትህ እኮ ብቸኛውን ሽማግሌ ያገለግል ነበር፤ ስለዚህ ዳማው አገልግሎት ነበር” ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለብዙ ዓመት ራሴን በዚህ አጽናንቻለሁ። ግን ይህም ያው መታወቂያ ማውጣት ነው። እውነቱን ለመናገር አባቴ ማንንም አያገለግልም ነበር። የሚሄደው መብላት ደስ ስለሚለው ነው። ሽማግሌውም አባቴ ለአገልግሎት የሚመጣ ሰው ቢሆን ኖሮ ያውቁበት ነበር። ልትጠይቀን መጥታ ሰዓት የምታይ እንግዳን ሁላችንም እናውቃታለን። የሁለቱ ወዳጅነት ውብ የነበረው ሁለቱም ለሌላ ነገር ስላልተቀመጡ ነው። አንዳንድ መልካም ነገር “ለምን ይጠቅማል?” ብላችሁ ስትጠይቁት የሚሞት ነው።

በዚህ ጥያቄ የተጨነቅነው እኛ ብቻ አይደለንም። አውግስጢኖስ፣ ዛሬ አልጄሪያ በምትባለው አገር የሂፖ ጳጳስ የነበረው፣ በ400 ዓ.ም. ገደማ በጻፈው ኑዛዜ ዐሥረኛ ክፍል ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ይናዘዛል። ወደ ትርኢት ሜዳ ሄዶ ውሻ ጥንቸል ሲያባርር ማየት ትቷል፤ ነገር ግን በመስክ ሲያልፍ እንዲህ ያለ ነገር ካጋጠመው ዐይኑ ይከተላል። ቤቱ ተቀምጦ ደግሞ እንሽላሊት ዝንብ ስትይዝ፣ ሸረሪትም መረቧ ውስጥ የገባውን ስትጠቀልል እያየ ይመሰጣል። ከዚያ ተነሥቶ ፈጣሪን እንደሚያመሰግን ይናገራል፤ ግን መጀመሪያ ዐይኑን የሳበው ምስጋናው እንዳልነበረ ያምናል፣ ለዚያም ያዝናል።

ይህን ባነበብሁ ቁጥር ታላቁን አባት እወደዋለሁ፤ ግን አልስማማም። እንሽላሊቷን የሠራት ማን ሆነና? መዝሙር 104 ባሕሩን ሲያነሣ በውስጡ ያለው ትልቁ ፍጥረት የተፈጠረው እዚያ እንዲጫወት እንደ ሆነ ይናገራል። እንዲሠራ አላለም። እግዚአብሔር ደስ ብሎት የሠራውን ነገር እኛ ደስ ብሎን ለማየት ሰበብ መፈለግ ያለብን አይመስለኝም።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን ነቢዩ ዘካርያስ ነው። ስምንተኛውን ምዕራፍ አንብቡት። ከምርኮ የተመለሱት ሰዎች ኢየሩሳሌምን ፍርስራሽ ሆና ነው ያገኟት፤ ቤተ መቅደሱ ገና እየተሠራ ነው፤ ሥራ ሞልቷል። እግዚአብሔር የምትታደሰውን ከተማ ሲያሳያቸው ከሚጠቅሰው ነገር አንዱ ይህ ነው፦ ከዕድሜ ብዛት የተነሣ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በአደባባይዋ ይቀመጣሉ፤ መንገዶቿም በሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ይሞላሉ። ሽማግሌዎቹ ምን እንደሚሠሩ አልተነገረም። ተቀምጠዋል። ልጆቹ ለምን እንደሚጫወቱም አልተነገረም። ይህን ሳነብ የሚታየኝ የዲላ አመሻሽ ነው፤ የጎረቤታችን ደጅም ይታየኛል። ነቢዩ የእግዚአብሔር ምሕረት ምልክት አድርጎ የቆጠረውን እኔ ከአባቴ ላይ ቀምቻለሁ።

ይህን ስል መዝናኛ ሁሉ ንጹሕ ነው እያልሁ አይደለም፤ እናንተም ሞኝ አይደላችሁም። ጆተኒው ካለበት ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የስፖርት ውርርድ ቤት አለ። ልጆቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ አይቻለሁ። ፊታቸው ግን አንድ አይደለም። ጆተኒው ጋ የተሸነፈው ይጮኻል፣ ይስቃል፣ “ድገመን!” ይላል። ውርርድ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ወረቀት ይዞ ዝም ብሎ ግድግዳውን ያያል፤ ጓደኛሞች ሆነው ገብተው እንኳ እያንዳንዱ ብቻውን ነው። የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅና አማኝ ፓስካል፣ የሰው ልጅ መከራ ብዙው የሚመጣው በአንድ ክፍል ውስጥ ጸጥ ብሎ መቀመጥ ስለማይችል ነው ብሎ ያስብ ነበር፤ መዝናኛውን የሚፈልገው ከራሱ ለመሸሽ ነው ይላል። ልክ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስልክ ይዞ ጣቱ የማያርፍ ሰው እየተዝናና አይደለም፤ እየሸሸ ነው። ይህን የምለው ከራሴ ስልክ ተነሥቼ ነው።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ከልጁ ጥያቄ አልራቅሁም፤ መልሱንም ያገኘሁት መስሎኝ ነበር። ነገሩ የተገለበጠብኝ በማግሥቱ እሑድ ነው።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ስድስት ሰባት ወጣቶች ቤቴ ይመጣሉ። ምሳ በልተን ቡና ይፈላል፤ ከአቦል እስከ በረካ እንቀመጣለን። እንዘምራለን፣ እንከራከራለን፣ ስለ ትዳር ይጠይቁኛል፣ እንጸልያለን። ከሳምንቱ ሁሉ የምወደው ሰዓት ይህ ነው። ቤታችን አንዲት ልጅ አለች። ከገጠር መጥታ በቤት ሥራ የምትረዳን፣ ማታ ማታ የምትማር። ዕድሜዋ ከእነዚህ ወጣቶች አይበልጥም። ቡናውን የምታጥበው፣ የምትቆላው፣ የምትወቅጠው፣ ፈንዲሻውን የምታቀርበው፣ ሲኒውን የምታጥበው እርሷ ናት። ጠዋት ደግሞ ምሳው እንዲደርስ ስለሚባል አምልኮ አትመጣም። እኔ ይህን ለሁለት ዓመት አላየሁትም። ያየሁት ቡናውን ነው።

በዚያ እሑድ ወጣቶቹ ስለ ሰንበት ጠየቁኝ። ዘዳግም አምስትን ከፍቼ ትእዛዙን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁ። ታውቁታላችሁ፤ ትእዛዙ “ዕረፍ” ብሎ አያቆምም፣ ማን ማን ማረፍ እንዳለበት አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ልጅህ፣ ሴት ልጅህ፣ የሚያገለግሉህ ወንድና ሴት፣ በሬህ፣ አህያህ፣ መጻተኛው። ምክንያቱንም ይናገራል፦ አገልጋዮችህ እንደ አንተው እንዲያርፉ፤ አንተም በግብፅ ባሪያ እንደ ነበርህ እንዳትረሳ። አገልጋይዋ የምትለው ቃል ላይ ስደርስ ልጅቱ የቶናውን ጀበና ይዛ ገባች።

ያ የጆተኒው ልጅ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ አንገቱን ደፋ። ቀስ ብሎ ከዱካው ተነሣና “ተቀመጪ” አላት። “ኧረ ተቀመጥ” ብላ ማንቆርቆሯን ቀጠለች። ማንም ምንም አላለም። እኔ ንባቡን ጨረስሁ፤ ትርጓሜም ሰጠሁበት፤ ምን እንዳልሁ አላስታውስም።

አስቡት እስቲ። የአባቴ ዳማ የማንንም ጉልበት አልወሰደም። ቆርኪው ከመንገድ የተለቀመ፣ ሰሌዳው ካርቶን ነበር። እርሱን በጥቅስ ገሠጽሁት። የእኔ ቡና አንዲት ልጅ እሑዷን፣ አምልኮዋንም ጭምር አስከፍሏታል። እርሱን በጸሎት እባርከው ነበር። ልጁ ደግሞ ማንንም ባልነካ ጨዋታ ሌሊት እንቅልፍ ያጣል። የምንፈራው ነገርና ልንፈራው የሚገባው ነገር እንዲህ ተለዋውጧል። “ይህ ደስታ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም?” እያልን ስንጨነቅ “እኔ እንድቀመጥ የቆመው ማን ነው?” ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በሰባት ቀን ውስጥ ከ24 ሰዓት ያላነሰ ያልተቆራረጠ ዕረፍት እንዲያገኝ ያዛል። በሰው ቤት ተቀጥሮ የሚሠራውን ግን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎ ለሌላ ደንብ ይተወዋል። ስለዚህ ይህ አዋጅ የእኛን ልጅ ዕረፍት አልጠየቀላትም፤ ትእዛዙ ግን ጠይቆላት ነበር። እርሱንም ሳነብላት ቡና ትቀዳ ነበር።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኋት። የማጽናኛ ቃል ጠብቄ ነበር። “እኔስ እሑድ መቼ ነው የተቀመጥሁት?” አለችኝ። ቆየችና፣ “ስለ ሰንበት ልትሰብክ ከሆነ ከጀበናው ጀምር” አለች። የወጣት ወንዶች አንባቢዎቼ ይህን ቃል እንድታስቡበት እፈልጋለሁ፤ እናትና እህት ያሏችሁ ሁሉ።

ከዚያ ወዲህ የእሑድ ምሳ ቅዳሜ ይሠራል። እሑድ ጠዋት ልጅቱ ከእኛ ጋር ትወጣለች፤ ከአምልኮ በኋላ እስከ ምሽት ቀኑ የእርሷ ነው። ቡናውን የማፈላው እኔ ነኝ፤ ወጣቶቹ በየተራ ይቆላሉ፣ ሲኒ ያጥባሉ። ይህን ስናገር ጥሩ ሰው የሆንሁ እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያው እሑድ ላይ ቀርባ እንድትጠጣ አስቀመጥናት። በዱካው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሲኒውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሰው በተነሣ ቁጥር አብራ ትነሣ ነበር። ከኀፍረቷ የተነሣ ቡናው ሳይቀዘቅዝባት አልቀረም። በኋላ ባለቤቴ ብቻዋን ስትጠይቃት፣ “እትዬ፣ ከሰው ጋር ከምቀመጥ ከጓደኛዬ ጋር ብወጣ ይሻለኛል” አለቻት። ደግነታችንን ለማሳየት የእኛን ደስታ ልንሰጣት ነበር፤ እርሷ የራሷ ነበራት።

ልጁንም በቀጣዩ ቅዳሜ ጠርቼ፣ “ያን ጊዜ የመለስሁልህ ልክ አልነበረም፤ ተጫወት፣ ደስም ይበልህ፣ አመስግነህ ግባ” አልሁት። ሳቀ። ከዚያ ሳላስበው፣ “ሁለት ዙር ብቻ የምትጫወቱት ለምንድን ነው?” ብዬ ጠየቅሁት። “ሌላ ጊዜ የለኝማ። እሑድም ከስምንት ሰዓት በኋላ ሱቅ ነኝ” አለኝ። እሑድ ቤቴ ሲመጣ ለምን በጊዜ ተነሥቶ እንደሚሄድ ያን ጊዜ ገባኝ፤ የጥናት ይመስለኝ ነበር። አጎቱ ከእኛው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ለልማት ሥራችንም እጁን ዘርግቶ የሚሰጥ ሰው ነው። ላነጋግረው ሁለት ጊዜ ሱቁ በር ድረስ ሄጃለሁ። አንድ ጊዜ ክብሪት፣ አንድ ጊዜ ሳሙና ገዝቼ ተመልሻለሁ። በዚህ ሳምንት እንደገና እሄዳለሁ፤ ልጁ ደግሞ ከዚያ በፊት ይህን ጽሑፍ ያነብበው ይሆናል።

አባቴ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ባለፈው ወር ከሊስትሮዎቹ ካርቶን ለምኜ፣ ቆርኪ ሰብስቤ ቤቱ ሄድሁ። አየውና፣ “አንተ ትችላለህ እንዴ?” አለኝ። አልችልም ነበር። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ በላኝ። ዐይኔ ደክሞ ነው ልለው አሰብሁና ተውሁት።

ልጅቱ ባለፈው እሑድ አመሻሽ ላይ ጫማዋ ጭቃ ይዞ፣ የሸንኮራ አገዳ ቁራጭ በፌስታል ይዛ ገባች። ባለቤቴ “የት ዋላችሁ?” አለቻት።

“ዞር ዞር አልን” አለች። ከዚያ ወደ ማድ ቤት ገብታ ጀበናውን አንሥታ አየችው። ገንፍሎብኝ ከሰሉን አጥፍቶት ነበር። “ጋሼ፣ ይሄን ምን አደረጉት?” ብላ ሳቀች።